ከጣሪያው በፊት ፍሬኑ፦ ዝቅ ያለ መኪና የሚጭን ተሳቢ እንዴት ይመረጥ?

ተሳቢ ሲባል አብዛኞቻችን በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ከከባድ መኪና ኋላ ተቀጥሎ፣ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ስንዴ፣ ማዳበሪያ ወይም ብረት ጭኖ የሚመለሰው ነው። የመኪና ውድድር በተስፋፋባቸው አገሮች ግን ሌላ ዓይነት ተሳቢም በሰፊው ይታወቃል። ሆዷ ከመሬት ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ከፍ የምትል የውድድር መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ በራሷ ጎማ እየሄደች ወደ ውድድሩ ሜዳ አትደርስም። ስለሆነም ባለቤቶቿ ግድግዳና ጣሪያ ባለው የተዘጋ ተሳቢ ውስጥ አስገብተው ከፒክአፕ ኋላ ይጎትቷታል። «የትኛውን የተዘጋ ተሳቢ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በእነዚያ አገሮች ብዙ የተጻፈበትና ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው።

ይህ ጥያቄ በኩታበር፣ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚኖር ተማሪ ምኑ ነው? የውድድር መኪና በኩታበር ገበያ አይታይም። ይሁን እንጂ ዝቅ ያለችና በገመድ የማትጎተት መኪና ወደ አካባቢያችን እየገባች ነው። እርሷም የኤሌክትሪክ መኪና ናት። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ ትናንት በአዲስ አበባ ብቻ ትታይ የነበረችው መኪና የወሎን ተራሮች መውጣትና መውረድ ይዛለች። መንገድ ላይ ስትቆም ደግሞ እንደ ውድድር መኪናዋ ሁሉ ተሸክሞ የሚወስዳት ያስፈልጋታል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ተሳቢ ስንመርጥ የሜዳ አገር ሰዎች ለቀላል የውድድር መኪና ያወጡትን መስፈርት እንዳለ መቅዳት የለብንም። ለእኛ መንገድ የመጀመሪያው ጥያቄ ፍሬኑ ነው፤ ጣሪያው የመጨረሻው ነው። ይህንንም ለማሳየት ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ያለፈ እውቀት አያስፈልግም።

በገመድ የማትጎተት መኪና

እንደሚታወቀው አንዲት አሮጌ ኮሮላ መንገድ ላይ ስትበላሽ መፍትሔው ቀላል ነበር። ማርሹን ፍሪ ማድረግ፣ ጠንካራ ገመድ ማሰርና በሌላ መኪና መጎተት ነው። ማርሹ ፍሪ ሲሆን ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ፤ ጎማው እንደ ልቡ ይሽከረከራል።

በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዘንድ ነገሩ ከዚህ ይለያል። ሞተሩ በማይለወጥ ጥርስ አማካይነት ከጎማው ጋር ሁልጊዜ የተያያዘ ነው። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር በሞተሩ ውስጥ ያለው ማግኔትም አብሮ ይሽከረከራል። በመዳብ ጥቅል አጠገብ ማግኔት ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ እንደሚመነጭ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ግኝት ያስተምረናል። እንግዲህ መኪናዋን በገመድ ስንጎትት ሳናውቀው ጄኔሬተር እያሽከረከርን ነው ማለት ነው። የማቀዝቀዣው ሥርዓት በማይሠራበት ጊዜ የሚመነጨው ይህ ኤሌክትሪክ ሞተሩንና የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹን ሊጎዳ ይችላል። አምራቾች በሞተር የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው መኪናዋ እንዳትጎተት የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው። አራቱም ጎማ በሞተር የሚነዳ ከሆነ ያለው አማራጭ አራቱንም ጎማ ከመሬት አንስቶ መጫን ብቻ ነው።

በአሳብ አንድ ጉዞ እናውጣ። አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ኩታበር ላይ ቆመች እንበል። ጥገናው ያለው ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ በቦሩ ሜዳ በኩል ደሴ ይገባል፤ ከደሴ ወጥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ከ25 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ውስጥ ቢያንስ የ600 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። ተሳቢያችን የሚፈተነው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

የክብደቱ ነገር

በውድድር መኪናና በኤሌክትሪክ መኪና መካከል ያለው ተመሳሳይነት ዝቅታቸው ነው። ልዩነታቸው ደግሞ ክብደታቸው ነው። በዓለም ዝነኛ በሆነው የፎርሙላ አንድ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2024 የአንዲት መኪና ዝቅተኛ ክብደት ሹፌሩን ጨምሮ 798 ኪሎ ግራም ነበር። በአገራችን በብዛት የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ 4 ግን ባዶውን 2,100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ትልቁ ባትሪው ብቻ ወደ 500 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በከተሞቻችን የምናውቃት የመጀመሪያዋ ቪትዝ 900 ኪሎ ግራም ገደማ መሆኗን ስናስብ፣ አንዷ የኤሌክትሪክ መኪና ከሁለት ቪትዝ በላይ ትከብዳለች ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ምርጫውን ከሥሩ ይለውጠዋል። መኪና ለመጫን የተሠራ ክፍት ተሳቢ ባዶውን ወደ 1,000 ኪሎ ግራም፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ደግሞ ወደ 1,700 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብለን እንያዝ። ለቀላል የውድድር መኪና የተዘጋው ተሳቢ ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ስንጭንበት ግን 3,800 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ዛሬ ያሉት ጠንካራ ፒክአፖች እንኳ ፍሬን ያለው ተሳቢ እንዲጎትቱ የሚፈቀድላቸው ከፍተኛ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ኪሎ ግራም ነው፤ አሮጌዎቹ ከዚያ ያነሰ ነው። እንግዲህ የተዘጋውን ስንመርጥ ገና ከቤት ሳንወጣ ወሰኑን አልፈናል። ክፍቱ ተሳቢ ግን ከነመኪናዋ 3,100 ኪሎ ግራም ስለሚሆን በወሰኑ ውስጥ ይገኛል።

መወጣጫው፦ የሆድ ጉዳይ

መኪናዋ በራሷም ሆነ በመጎተቻ ሽቦ ተስባ ወደ ተሳቢው የምትወጣው በመወጣጫ ሳንቃ ላይ ነው። የፊት ጎማዎቿ የተሳቢውን ወለል ረግጠው የኋላዎቹ ገና በመወጣጫው ላይ ሳሉ፣ ሆዷ ከሁለቱ መገናኛ ጠርዝ ጋር ይቀራረባል። መወጣጫው ዳገታም ከሆነ ሆዷ ይመታል። በኤሌክትሪክ መኪና ሆድ ውስጥ ያለው ደግሞ ባትሪው ነው።

ስንት ዲግሪ ይበቃል? ስሌቱ እንዲህ ነው። የሆዷን ከፍታ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ላለው ርቀት ግማሽ እናካፍል፤ ውጤቱ የአንድ ማዕዘን ታንጀንት ነው። የማዕዘኑ እጥፍ መኪናዋ ሆዷን ሳትመታ ልታልፈው የምትችለው ትልቁ ማዕዘን ነው። የሆዷ ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር፣ የጎማዎቿ ርቀት 2.77 ሜትር ለሆነ መኪና 14 ዲግሪ ይመጣል። ከፍታዋ 12 ሴንቲ ሜትር፣ የጎማዎቿ ርቀት 2.9 ሜትር ለሆነ ሴዳን 9.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታዋ 7 ሴንቲ ሜትር፣ የጎማዎቿ ርቀት 2.7 ሜትር ለሆነች የውድድር መኪና ግን ከ6 ዲግሪ አይበልጥም።

አሁን የወለሉን ከፍታ ለማዕዘኑ ሳይን እናካፍል፤ የመወጣጫው ርዝመት ይገኛል። ወለሉ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ተሳቢ ለመጀመሪያዋ 2.5 ሜትር፣ ለሴዳኗ 3.7 ሜትር፣ ለውድድር መኪናዋ 5.8 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይፈልጋል። በተሳቢ ፈንታ ወለሉ 1 ሜትር ከፍታ ያለው የጭነት መኪና ብንጠቀም ሴዳኗ ከ6 ሜትር በላይ መወጣጫ ትጠይቃለች። ይህን ያህል ርዝመት ያለውና 2 ቶን የሚችል ሳንቃ ከየትም አይገኝም። ዝቅ ያለ ወለል ያለው ተሳቢ ጥቅሙ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የአካባቢያችን ከብት ጫኞች ለዚህ ችግር ከጥንት ጀምሮ አንድ መፍትሔ አላቸው። መኪናውን በጀርባው ወደ አፈር ጉብታ አስጠግተው በሬውን ከጉብታው ላይ በቀጥታ ወደ ወለሉ ያሻግሩታል። ዘዴው ለመኪናም ይሠራል፤ ኩታበርም ጉብታ የሚቸግረው አገር አይደለም። ሆኖም ጥንቃቄ የሚያሻው ነጥብ አለ። ተሳቢውን ወጥ በሆነ ተዳፋት ላይ አቁሞ ጀርባውን ወደ ላይ ማዞር ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ተዳፋቱ የተሳቢውንም ወለል እኩል ስለሚያዘነብለው በወለሉና በመወጣጫው መካከል ያለው ማዕዘን አይለወጥም። የሚጠቅመው ተሳቢው በሜዳ ላይ ቆሞ ከኋላው መሬቱ እንደ ደረጃ ከፍ ሲል ነው። በሚጫንበትም ጊዜ ጎማዎቹ በታኮ መያዝ አለባቸው።

ሚዛኑ፦ የክንድ ከስንዝር ልዩነት

አህያ የጫነ ሰው ሁሉ ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ አህያዋ ዳገት እንደማትወጣ ያውቃል። ጎማዎቹ መካከሉ ላይ የሆኑ ተሳቢም ሕጉ ተመሳሳይ ነው። ከጎታቹ መኪና ጋር የሚያያዝበት ጫፍ የተሳቢውንና የጭነቱን ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መሸከም እንዳለበት የሙያው ሰዎች ይመክራሉ። ከዚህ ካነሰ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው እያደገ ሄዶም ጎታቹን ከመንገድ ያወጣዋል። በእጅጉ ከበዛ ደግሞ የጎታቹ የፊት ጎማዎች ይቀልሉና መሪው አልታዘዝ ይላል።

በቁጥር እንየው። ክፍቱ ተሳቢያችን 1,000 ኪሎ ግራም ሲመዝን ባዶውን በማያያዣው ላይ 80 ኪሎ ግራም ያሳርፋል፤ ማያያዣው ከጎማዎቹ መካከል 4 ሜትር ወደ ፊት ይርቃል እንበል። የ2,100 ኪሎ ግራም መኪና ስንጨምር ጠቅላላው 3,100 ኪሎ ግራም ስለሆነ ማያያዣው ቢያንስ 310 ኪሎ ግራም መሸከም አለበት። የጎደለው 230 ኪሎ ግራም ከመኪናዋ አቀማመጥ መምጣት አለበት። በማንሻ ሕግ መሠረት 230 በ4 ተባዝቶ ለ2,100 ሲካፈል 0.44 ሜትር ይሰጣል። የመኪናዋ የክብደት ማዕከል ከጎማዎቹ መካከል 44 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መሆን አለበት ማለት ነው። በስሕተት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆንስ? ማያያዣው 105 ኪሎ ግራም ይቀነስለታል፤ ያለው 80 ብቻ ስለሆነ ተሳቢው የፒክአፑን ጀርባ ወደ ላይ ማንሳት ይጀምራል። በደኅናውና በአደገኛው መካከል ያለው ልዩነት 64 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ክንድ ከስንዝር የማይሞላ ነው።

የክብደት ማዕከሉ የት እንዳለ በዓይን መገመት አይቻልም። ሞተሯ ከፊት የሆነ ትንሽ መኪና ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉ በፊት ጎማዎቿ ላይ ያርፋል። ባትሪዋ በወለሏ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ክብደቷ ለሁለት እኩል የተከፈለ ያህል ነው። ስለዚህ በኮሮላ የለመደ ጫኝ አይዲ 4ን በልማዱ ቢያቆማት ይሳሳታል። መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው። የእህል መጋዘን ሚዛን አምጥቶ የማያያዣውን ጫፍ በላዩ ማሳረፍና ቁጥሩን ማንበብ በቂ ነው። ቁጥሩ ልክ ሲሆን የጎማዎቿን ቦታ በወለሉ ላይ በቀለም ማስመር ለሚቀጥለው ጫኝ ውለታ መዋል ነው።

ቁልቁለቱ፦ ስምንት ምጣድ በፍሬን ላይ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ፣ 1,000 ኪሎ ግራም ተሳቢና 2,100 ኪሎ ግራም መኪና ተደምረው 5,100 ኪሎ ግራም ናቸው። ይህ ክብደት 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ፣ 5,100 በ9.8 በ600 ተባዝቶ፣ 30 ሜጋ ጁል ይሆናል። 100 ሊትር ውኃ፣ ማለትም አምስት ባለ20 ሊትር ጀሪካን፣ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንሥቶ ደሴ ላይ ወደሚፈላበት መጠን የሚያደርሰው ይህን ያህል ኢነርጂ ነው። ፒክአፑ ብቻውን ቢወርድ የሚለቀው 12 ሜጋ ጁል ነበር።

ይህ ሁሉ በፍሬን ላይ አይወድቅም። የጎማ ተቃውሞ፣ ነፋስና በዝቅተኛ ማርሽ የሚይዘው ሞተር ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሆኖም ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ የእነዚህ ድርሻ ያንሳል። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብንጓዝ፣ ለጎማና ለነፋስ ተቃውሞ አንድ አምስተኛውን ቀንሰን እንኳ 31 ኪሎ ዋት ይቀራል። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ ስምንት ምጣዶች ባንድነት የሚያወጡትን ሙቀት ሞተሩና ፍሬኑ ሊያስወግዱት ይገባል። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንስ ምጣዶቹ አራት ይሆናሉ። ጠቅላላው ኢነርጂ ያው ነው፤ ሙቀቱ ወደ አየር ለመውጣት የሚያገኘው ጊዜ ግን እጥፍ ይሆናል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የአሮጌ ሹፌሮች ምክር ሳይንሳዊ መሠረቱ ይኸው ነው።

ሙቀቱ ሲበዛ ሁለት ነገሮች ይደርሳሉ። አንደኛ፣ የፍሬን ሸራው የመያዝ ችሎታ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። «ዶት 3» የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያው መጠን ከ205 ዲግሪ ማነስ የለበትም። ዘይቱ ግን ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ጥቂት በመቶ ውኃ ሲገባበት ደረጃው የሚጠይቀው መጠን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን፣ እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ግፊት ስለማያስተላልፍ ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ወለል ድረስ ይገባል። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በ22 በመቶ ገደማ የሳሳ መሆኑም ፍሬኑን ለማቀዝቀዝ አያግዝም።

በዚህ ሁኔታ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው የፒክአፑ አራት ጎማዎች የራሳቸውን አንድ እጅ ተኩል በላይ የሚሆን ተጨማሪ ክብደት ይይዛሉ ማለት ነው። በኩርባ ላይ ደግሞ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ፒክአፑን ያጥፈዋል። በአውሮፓ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ የተከለከለው በከንቱ አይደለም። የእኛው 3,100 ኪሎ ግራም የዚህ አራት እጥፍ ነው። ተሳቢው ወደ ፊት ሲገፋ ግፊቱ ራሱ ፍሬኑን የሚያሲዝ ዓይነትም አለ፤ ለሜዳ አገር ጥሩ ነው። በረጅም ቁልቁለት ግን ሳያቋርጥ ስለሚገፋ ሳያቋርጥ ይሞቃል። ስለዚህ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ የሚቆጣጠረው፣ በአራቱም የተሳቢው ጎማ ላይ የሚሠራ ፍሬን ለእኛ መንገድ ተመራጭ ነው። ማያያዣው ድንገት ቢለቅ በራሱ የሚይዝ የድንገተኛ ፍሬንም ሊኖረው ይገባል።

ጣሪያውስ?

የተዘጋ ተሳቢ ጠቀሜታ የለውም አይባልም። ከአቧራ፣ ከበረዶና ከሌባ ይጠብቃል፤ የውድድር ሰዎች መሣሪያቸውንም ይቆልፉበታል። ውድ ዕቃ ጭኖ በመንገድ ላይ ማደር ግድ የሚሆንበት ሰው ጣሪያ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዋጋውን በአካባቢያችን መንገድ ላይ መመዘን ይገባል።

ስለ ተዘጋ ተሳቢ የሚጽፉ ሰዎች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ነፋስ ነው፤ ግንባሩ እንደ ጀልባ አፍንጫ ሾጣጣ እንዲሆንም ይመክራሉ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሜዳ ለሚሮጥ ሰው ልክ ናቸው። ግንባሩ በ3 ካሬ ሜትር የሰፋ ሣጥን በዚያ ፍጥነት፣ በእኛው ስስ አየር እንኳ፣ 1,100 ኒውተን ያህል ተጨማሪ ተቃውሞ ይገጥመዋል። የነፋስ ተቃውሞ ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚለካ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 180 ኒውተን ይወርዳል። በአንጻሩ የሣጥኑ ተጨማሪ 700 ኪሎ ግራም በ7 በመቶ ዳገት ላይ 480 ኒውተን ወደ ኋላ ይስባል፤ በቁልቁለት ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ በሐረጎ መንገድ የጣሪያው ዕዳ ክብደቱ ነው፤ አፍንጫውን ማሾል አያቃልለውም።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ተገጭታ ባትሪዋ የተጎዳ የኤሌክትሪክ መኪና በተዘጋ ሣጥን ውስጥ መግባት የለባትም። የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ ውስጡ መጋል ሲጀምር ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለባቸው ተቀጣጣይ ጋዞች ያወጣል። ጋዙ በክፍት ተሳቢ ላይ በአየር ይበተናል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ግን ይጠራቀምና ፍንዳታ ሊያስከትል ይችላል። ባትሪው ከተጎዳ በኋላ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት ቆይቶ ሊቀጣጠል መቻሉ አደጋውን ያብሰዋል። ከጅቡቲ በአፋር ቆላ በኩል ለሚመጣ ጭነትም፣ የውጪው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር መስኮት የሌለው ሣጥን ለባትሪ የሚመች ማረፊያ አይደለም።

አቧራውን በተመለከተ ጥሩ ሸራ ይበቃል። የተሳቢውን ጎን በብረት መረብ ማጠርም ክብደት ሳያበዛ ይጠቅማል። በሣጥን ተማምኖ ማሰሪያን ችላ ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። በአውሮፓ የጭነት ማሰሪያ ደረጃ መሠረት ማሰሪያው ጭነቱ ወደ ፊት ሲገፋ የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ መቋቋም አለበት። ለ2,100 ኪሎ ግራም መኪና የፊቱ ብቻ 1,680 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን የቃጫ ገመድ አይችለውም፤ አራቱንም ጎማ የሚይዝ ደረጃውን የጠበቀ የማሰሪያ ቀበቶ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተዘረዘረውን ስንጠቀልለው ለአካባቢያችን የሚስማማው ተሳቢ ቅርጹ ግልጽ ይሆናል። ወለሉ ከመሬት ከ60 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ አራት ጎማና በአራቱም ላይ ፍሬን ያለው፣ 4 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ታጣፊ መወጣጫ የተገጠመለት፣ ከላይ ክፍት ሆኖ ሸራ የሚለብስ ነው። በጎኑ ላይ የራሱን ክብደት፣ የሚችለውን ጭነትና ማያያዣው ሊሸከም የሚገባውን መጠን የሚገልጽ ሰሌዳ ይኑረው።

ይህን ከባሕር ማዶ ማስመጣት የግድ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ ብረት በየዕለቱ ይቆረጣል፣ ይበየዳል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመካኒካል ምሕንድስና ወጣቶችን ያሠለጥናል። ለመመረቂያ ሥራ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርእስ ከወዴት ያገኛል? የሻንሲውን ጥንካሬ ማስላት፣ ፍሬኑን መምረጥና በእውነተኛ ቁልቁለት ላይ የሸራውን ሙቀት መለካት ለአንድ ዓመት ሥራ ይበቃል። ፍሬኑና ማያያዣው ግን በግምት የሚበየዱ ስላልሆኑ ደረጃቸው የታወቀ ዕቃዎች ይገዙላቸው። የደሴ ጋራዦች በየፊናቸው ከሚቸገሩ ተባብረው አንድ ጥሩ ተሳቢ ቢይዙ ያዋጣቸዋል። ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ የሚያካሂዱ ወገኖችም ፒክአፑን ሲመረምሩ የሚጎትተውን ተሳቢ ፍሬን አብረው ቢፈትሹ ሥራቸው የተሟላ ይሆናል።

«አገሩ ድኻ ነው፤ ያገኘነውን ብንጎትት ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ድኽነት እውነት ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ለድኻ ብሎ አይለዝብም። ደግሞም ከላይ ከጠቀስናቸው ጥንቃቄዎች ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ማያያዣውን በእህል ሚዛን መመዘን፣ የሆድን ከፍታ በሜትር መለካት፣ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድና የፍሬን ዘይትን በጊዜው መለወጥ ከማንኛውም ባለ መኪና አቅም በላይ አይደሉም። ውድ የሚሆነው ሳይለኩ መንገድ መጀመር ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ተሳቢውን የመረጠው ሰው ብቻ አይደለም። ከፊቱ በባጃጅ የሚሄደው፣ ከመንገዱ ዳር ከብት የሚነዳው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃንም አብሮ ይከፍላል።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ ሳይንና ታንጀንት፣ ማንሻና የኢነርጂ ሕግ ለፈተና ብቻ የተሰጧችሁ አይምሰላችሁ። ነገ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ተሳቢ ሊከራይ ሲነሣ አብራችሁት ሂዱ። አከራዩ የቀለሙን ማማርና የጣሪያውን ጥንካሬ ሲያሞግስ በትሕትና አድምጡት። ከዚያም ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ተመልከቱና «ጋሼ፣ የራሱ ፍሬን አለው?» ብላችሁ ጠይቁት። የለውም ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።